የቆሽት ጎረቤቶች

ሞላሌ፤ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለሞላሌ ኩራት፣ ለኮፐንሀገን አይጦች ባላባት፣ ለፀደንያ።

እንደምን ከረምሽልኝ? በሰው አገር ብርድ ጸንቶብሽ እንዳይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ደግሞ የመንዝ ብርድ ያሳደጋት ልጅ መሆንሽ ትዝ ሲለኝ ማሰቤን እተዋለሁ። እኛ ለቅዱስ ሚካኤል ምስጋና ይድረሰውና ከነገብሳችን፣ ከነበጎቻችን፣ ከነሐሜታችን ደኅና ነን። እናትሽ ደኅና ናቸው። ቀይዋ ላማችሁ ወልዳለች። ጥጃው እኔን ይመስላል እያሉ ያስወራሉ፤ እኔ ግን አላመንኩም።

ስልኩ ኔትወርክ ካጣ ወዲህ ይኸው ጸሐፊ ሆኛለሁ። ይቺን ወረቀት ለሹፌሩ ለአስፋው እሰጠዋለሁ፤ አስፋው ደብረ ብርሃን ለአጎታችን ልጅ ለጌታነሽ ያደርሳል፤ ጌታነሽ በፎቶ ኮፒ ቤቷ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ያንቺም መልስ እሷው ዘንድ ታትሞ በአስፋው መኪና ይወጣልኛል። ስለዚህ ምስጢር እንዳትጽፊ። ጌታነሽ አንብባ ሳትጨርስ አትልክም።

(ጌታነሽ ነኝ። ውሸቱን ነው። አነባለሁ እንጂ ለማንም አልናገርም።)

አየሽ?

አሁን ወደ ወሬው። እልል በይ! እህቴ እትዬ አልጣሽ ፀንሳለች። ራቤል አገር ካገባች ወዲህ እናቴ ስትሳልላት የከረመችው ስለት ሰመረ። ባሏ ዮሴፍ ደስታው አፉን ዘግቶታል፤ እሱስ ድሮም አይናገርም። አማቷ እማማ ጥሩሸዋ ግን የእሱንም ድርሻ ይናገራሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አልጣሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር እንዳለባት፣ ጧትና ማታ መርፌ እንደምትወጋ ታውቂያለሽ። አንዷ ጎረቤት ለእማማ ጥሩሸዋ፣ «ቆሽቷ የሞተባት ሴት ለልጇ ቆሽት ከየት ታመጣለታለች?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጥያቄውን እንዳለ አምጥተው አልጣሽ ጉያ ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀኑን ሙሉ ሆዷን እየዳበሰች ትቀመጣለች አሉ።

ባለፈው ልጠይቃት ብሄድ፣ «አንተ፣ ፀደንያ የምትማረው ስለ ቆሽት አይደል? ልጄ ቆሽት ይኖረው እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለችኝ። «ከሌለው ከበግ እናውሰዋለን» አልኳት። ጫማዋን ወረወረችብኝ። ጫማውን ይዤው መጥቻለሁ።

እንግዲህ መልሽላት። ለእኔ ደግሞ ቀይ የኳስ ማሊያ ላኪልኝ። ጀርባው ላይ ስሜ ይጻፍበት።

የቅድስት ሥላሴ ጥላ አይለይሽ።

ባስልዮስ፤ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረ፣ ስለዚህ ዐሥራ ስድስተኛ ክፍል።



ኮፐንሀገን፤ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዐሥራ ስድስተኛ ክፍሉ ለባስልዮስ።

እንደምን አለህ? እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ትጠልቅና ሰው ሁሉ ሻማ ያበራል፤ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ይመስለኛል። የአልጣሽን ወሬ ሳነብ የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ እልል ብያለሁ። አለቃዬ እሳት የተነሣ መስሎት ወደ በሩ ሮጧል።

እስቲ አንተ ይህን ሁሉ በግ ስትገፍ ስትበልት ኖረህ ቆሽት የቱ ነው? ከጨጓራው ሥር፣ ትንሹ አንጀት በሚታጠፍበት ጋ የተጋደመ፣ ፈዛዛ፣ ለስላሳ ሥጋ ነው። ምናልባት ለውሻ የምትጥሉት እሱን ይሆናል።

አሁን ለአልጣሽ የምነግራትን በደንብ ስማና ሳትጨምር ሳትቀንስ አድርስ።

ልጅ ገና ፅንስ ሳለ አንጀቱ አንድ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው ምን እንደሚሆን አያውቅም። የሚነግሩት ጎረቤቶቹ ናቸው። በዙሪያው ያለው ሥጋ፣ በአጠገቡ የሚያልፈው የደም ሥር፣ እያንዳንዱ ጥቃቅን መልእክት ይልክበታል። እኛ የዕድገት ቀስቃሽ እንላቸዋለን። በደቦ ቀን አንዱ ከዚያኛው ጋራ ላይ ሆኖ «እዚህ ኑ!» ብሎ ሲጣራ ሰው እንደሚሰበሰብ ማለት ነው። መልእክቱ ሲደርስ ቱቦው ላይ ሁለት ቡቃያ ይወጣል፤ አንዱ በጀርባ በኩል፣ አንዱ በፊት። የፊተኛው ዞሮ ሄዶ ከኋለኛው ጋር ይጋጠማል። ጎረቤቶቹም «ተባዙ፣ ተባዙ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ቡቃያውም ቅርንጫፍ እያወጣ ይሰፋል። በኋላ ያ ጥሪ ጋብ ሲል እያንዳንዱ ወደ ሙያው ይገባል። ብዙው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ጥቂቱ ኢንሱሊን ይሠራል።

የእኔ ሥራ ይህን ጥሪ ማዳመጥ ነው። የአይጥ ፅንስ ቆሽት ከጎረቤቱ ነጥዬ በብርጭቆ ሳህን ባስቀምጠው እንደ ጉቶ ይቀራል። መልእክቱን ጠብ ሳደርግለት ጎረቤት ባይኖረውም ያድጋል። ያለ ልክ ሳበዛበት ደግሞ ሲባዛ ሲባዛ ይውላል እንጂ ሙያ አይዝም። እሱን ባየሁ ቁጥር አንተ ትዝ ትለኛለህ።

ስለዚህ ለአልጣሽ እንዲህ በላት። የልጅሽ ቆሽት ካንቺ ቆሽት ተቆርሶ አይሰጠውም። ከራሱ ሥጋ፣ በራሱ ጎረቤቶች ጥሪ ይበቅላል። ስኳር መቼም አይይዘውም ብዬ አልምልም፤ ግን ስኳር ካለባቸው እናቶች የሚወለዱት አብዛኞቹ ልጆች ጤነኞች ናቸው። ደግሞ ይህች ደብዳቤ ሳትደርስሽ ያ ትንሽ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራት ጀምሯል።

ማሊያው ይታሰብበታል። ስምህ ረዥም ስለሆነ ግን ጀርባህ አይበቃውም።

እመቤታችን ሁላችሁንም ትጠብቅልኝ።

ፀደንያ



ሞላሌ፤ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሊቀ ሊቃውንት ዘቆሽት ለፀደንያ።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። ገናን ራቤል እነ አልጣሽ ቤት ዋልኩ። ይኸን ደብዳቤ የምጽፈው በጥጋብ ነው፤ ፊደሉ የተጣመመው ለዚያ ነው እንጂ ትምህርት አንሶኝ አይደለም።

ደብዳቤሽን አደረስኩ። ማድረስ ብቻ አይደለም፣ አስተማርኩ! ሙክቱ ታርዶ ስገፍ ቤቱ ሁሉ ከቦኛል። ሞራ አይተው የሚመጣውን የሚናገሩት አያ አፈወርቅም ተጠርተው መጥተዋል። ሞራውን እንደ ነጠላ በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው ወደ ፀሐይ አነሡት፤ አገላብጠው አዩና፣ «ተርቦ የሚመጣ እንግዳ አለ» አሉ። እኔን ነው ብዬ ቶሎ ገበታ ቀረብኩ።

ከዚያ ትምህርቴን ጀመርኩ። አንዷን ሥጋ ከሆድ ዕቃው መዝዤ አውጥቼ በእጄ ከፍ አድርጌ፣ «ጉባኤው ይመልከት፣ ቆሽት ማለት ይህ ነው!» አልኩ። እማማ ጥሩሸዋ ጠጋ ብለው አይተው፣ «አንተ ደንቆሮ፣ ይኼ ጣፊያ ነው» አሉኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ጣፊያውን እንደያዝኩ ቀጠልኩ። ቱቦውን በገመድ አሳየኋቸው፣ ጎረቤቶቹን በኩባያ። ዮሴፍን ጥግ ላይ አቁሜ «ተባዙ፣ ተባዙ!» በል አልኩት፤ ፊቱ እስኪቀላ ድረስ አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከሁሉ የወደዱት ያንን ያለ ልክ የበዛበትን ቆሽት ነው። ትንሽ ቅመም ጨመርኩበት። «ቆሽት እንደ ልጅ ነው፤ ከውጭ እያመጡ ሲያቀርቡለት ይሰንፋል፤ ሥራ የሚይዘው ሲተዉት ነው» አልኳቸው። እማማ ጥሩሸዋ ወደ እኔ እያዩ፣ «እውነት ነው፣ ምስክሩ ቆሟል» አሉ።

አልጣሽ ብቻ አልሳቀችም። ሆዷን ይዛ፣ «ከውጭ ሲሰጡት ይሰንፋል ነው ያለችው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንደኔ!» አልኳት። ሁሉም እንደገና ሳቀ።

የልጁ ቆሽት ከራሱ እንደሚበቅል ስነግራት ግን ፊቷ በራ። ደስ ይበልሽ። ማሊያውን ትቼዋለሁ፤ በምትኩ ጫማ ላኪልኝ፣ አልጣሽ የራሷን አስመልሳኛለች።

ረድኤተ እግዚአብሔር አይለይሽ።

መምህር ባስልዮስ



ኮፐንሀገን፤ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህረ ጣፊያ ለባስልዮስ።

እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ለጥምቀቱም እንዲሁ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ ፈተና ላይ ነበርኩ። የጣፊያውን ነገር ለአለቃዬ ተርጉሜለት እስካሁን ያዝንልሃል።

ግን አንድ ነገር ልቤን ቆረቆረው። እኔ ይሰንፋል አላልኩም። ስለ አይጥ ቆሽት፣ በሳህን ላይ ስላለው ነው የጻፍኩት። አልጣሽ «ከውጭ» ያለችው ምኑን ነው? መርፌዋስ እንዴት ነው? ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች? ሦስት ደብዳቤ ሊሞላህ ነው፤ ስለ ላም ጽፈሃል፣ ስለ ሙክት ጽፈሃል፣ ስለ መርፌዋ አንድ ቃል የለም።

ቶሎ ጻፍልኝ። በጸሎታችሁ አስቡኝ።

ፀደንያ



ሞላሌ፤ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተቆርቋሪዋ ለፀደንያ።

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ቀበሮ ሁለት በግ ነጠቀችን፤ እኔም አንዱን እንድትመልስ በድንጋይ መልእክት ልኬባታለሁ።

እንዴት እንደምትቆረቆሪ! እትዬ አልጣሽ ደኅና ናት። ባለፈው ሳምንት አይቻት መጣሁ። ውሃ አጠጣጧን ብታዪ የራቤልን ምንጭ ልታደርቀው ነው። ዮሴፍ እንስራውን ሞልቶ ሳይቀመጥ ባዶ ይሆናል። «ልጁ ዓሣ ነው እንዴ?» አልኳት። ሌሊት ወደ ውጭ ስትመላለስ ውሻው ለምዷት መጮህ ትቷል አሉ። ሌላው ነፍሰ ጡር ይወፍራል፣ የእኛዋ ግን ሆዷ ብቻ ነው የቀረው፤ ቀሚሷ ውስጥ እኔም ልግባ ብል ቦታ አለኝ።

ደግሞ ተአምር ልንገርሽ። መድኃኒቷ ተባርኮላታል። ለገና ያየሁት ብልቃጥ አሁንም አለ፤ ከምታቀዘቅዝበት ማሰሮ ውስጥ እንደ ተቀበረ ወርቅ ተቀምጧል፣ አልቅ ቢሉት አያልቅም።

ጫማውን ትቼዋለሁ። ጥቁር መነጽር ላኪልኝ። ገበያ ላይ በጉን ሳይ የት እንደማይ ገዢው እንዳያውቅ።

የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጥበቃ አይለይሽ።

ባስልዮስ



ኮፐንሀገን፤ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባስልዮስ፤

ሰላምታውን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ይህች ወረቀት እጅህ እንደገባች ተነሥተህ ራቤል ሂድ።

ውሃ ጥሙ፣ መክሳቱ፣ ሌሊት መውጣቱ፣ አላልቅ ያለው ብልቃጥ፤ ሁሉንም ቀልድ አድርገህ ጻፍካቸው። እኔ ግን ሳነባቸው አንድ ነገር ናቸው። አልጣሽ መርፌዋን ቀንሳለች። የቀነሰችውም ልጇን ብላ ነው። ከውጭ የሚገባው መድኃኒት የልጄን ቆሽት ያሰንፈዋል ብላ ነው። ያንተን ቅመም ነው የበላችው።

እንዲህ በላት። የምትወጋው ኢንሱሊን ወደ ልጁ አያልፍም። በእንግዴ ልጁ በኩል የሚያልፈው ስኳሩ ነው። መርፌዋን ስትቀንስ ስኳሯ ከፍ ይላል፤ ያ ትርፍ ስኳር ልጁ ላይ ይደርሳል፤ ገና ፍሬ የማያህል ቆሽቱ ያንን ሁሉ ሸክም ብቻውን ሊሸከም ይለፋል። ማሳረፏ መስሏት እያሠራችው ነው። የእሷም ሕይወት ያሰጋል፣ የልጁም። ያቺ መርፌ ከጎረቤቶቹ አንዷ ናት በላት፤ በሰላም እንዲያድግ በሩን የምትጠብቅለት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምን ያህል እንደምትወጋ ሐኪም ይወስንላት። ግን ዛሬውኑ ትሂድ።

በማርያም፣ አትቀልድ።

ፀደንያ



ራቤል፤ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፀደንያ።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መነጽር አልፈልግም። ጫማም ማሊያም አልፈልግም። ይቺን አንብቢልኝ ብቻ።

ወረቀትሽ የደረሰኝ ገበያ መሀል ነው። አንድ ገዢ የበጌን ላት እንደያዘ ትቼው አስፋው መኪና ላይ ወጣሁ። ራቤል ስደርስ አልጣሽ ደጅ ላይ ገብስ ታበጥራለች፤ እንስራው ከጎኗ። ሰላምታም ሳልሰጥ፣ «መርፌሽን ቀንሰሻል!» አልኳት።

ቀና አለች። «ማን ነገረህ?»

«ፀደንያ። ከኮፐንሀገን ሆና አየችሽ።»

ሳቀች! ከት ብላ ሳቀች። የጻፍሽውን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ስኳሩ፣ ስለ እንግዴ ልጁ። እማማ ጥሩሸዋ ከቤት ወጥተው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «ለገና ከውጭ ሲሰጡት ይሰንፋል አልክ። ዛሬ ደግሞ ይለፋል? ቆሽቱ የትኛውን ይስማ?»

«እማማ፣ የገናው ቀልድ ነበር።»

«የዛሬውስ?»

ወረቀትሽን አወጣሁ። ይኸው የፀደንያ ቃል ብዬ ዘረጋሁላቸው። እማማ ጥሩሸዋ በሁለት ጣት ይዘው ራቅ አደረጉት። «በጌታነሽ ማሽን የታተመ ነው አይደል?» አሉኝ። አምና ከወረዳ የመጣ አስመስዬ፣ ውሻ ሁሉ መታወቂያ እንዲያወጣ የሚያዝ ደብዳቤ ጌታነሽ ዘንድ አሳትሜ በራቸው ላይ ለጥፌ ነበር። ውሻቸውን አጥበው፣ ቅቤ ቀብተው፣ ፎቶ ቤት ድረስ ይዘውት ሄደዋል። ውሻውም እስካሁን ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

(ጌታነሽ ነኝ። እኔ እውነተኛ የወረዳ ደብዳቤ መስሎኝ ነው ያተምኩት።)

አልጣሽ ሰፌዷን አንሥታ ማበጠሯን ቀጠለች። «ልጄ ሙያ እንዲይዝ ብዬ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ልስልስ ያለ ነበር። «እኔ የቻልኩትን እችለዋለሁ። እሱ ብቻ እንደኔ አይሁን።» ፀደንያ፣ እጇ ላይ ያለው አምባር ክርኗ ድረስ ወጣ ወረደ እንጂ አልያዘም።

ወደ ጓሮ ዞርኩ። ሰው የሚያምንበት አንድም ቃል የለኝም። እውነት ስናገር ይሳቃል። ታዲያ ውሸት ብናገርስ?

ተመልሼ መጣሁና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «እሺ፣ ተሸነፍኩ። እውነቱን ልንገርሽ። ፀደንያ ያለችው መርፌውን ጨርሰሽ ተዪው ነው። ጠብታም እንዳትነኪ። ሐኪም ዘንድም ዝር እንዳትዪ።»

አልጣሽ እጇን ከሰፌዱ አነሣች። ፊቴን አየች። ከዚያ ተነሥታ ገባች፤ ከማሰሮዋ ብልቃጡን አወጣች፤ ዓይኔ እያየ ድሮ የምትወጋውን ያህል ሞልታ ወጋች። «ይኸው!» አለችኝ። «ያንተን ተቃራኒ ማድረግ ነው እንጂ!» እማማ ጥሩሸዋም፣ «እሰይ፣ አበጀሽ! ነገ በጧት ደግሞ ዮሴፍ ሐኪም ዘንድ ይወስድሻል፤ ይኼን ልጅ ቆሽቱን አሳሪው!» አሉ። እኔም መሬቱን እየረገጥኩ፣ «ኧረ አትሂጂ፣ አበላሻችሁት!» እያልኩ ጮህኩ። ከዚያ ከቤቱ ኋላ ሄድኩ። ገለባ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሐኪሙ መጠኑን አስተካክሎላታል፤ በየሳምንቱ እንድትመጣ አዟታል። ዛሬ እንስራው እስከ ማታ አልጎደለም።

ለልደቱ ቀን ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ ጻፊልኝ። ሳልጨምር አደርሳለሁ። ማን እንደሚያምነኝ ግን አላውቅም።

ባስልዮስ



ኮፐንሀገን፤ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለባስልዮስ።

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው። ደብዳቤህን ቆሜ አንብቤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ውሻው ጋ ስደርስ እንደገና ቆሜ ሳቅሁ።

የልደቱን ነገር ልንገርህ። ቤት እንዳትወልድ። ልጁ ማኅፀን ሳለ ከእናቱ ብዙ ስኳር ሲመጣለት ቆይቶ ከሆነ ቆሽቱ ብዙ መሥራት ለምዷል። እትብቱ ሲቆረጥ የእናቱ ስኳር ወዲያው ይቆማል፤ ቆሽቱ ግን ልማዱን ቶሎ አይተውም። ስለዚህ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሊወርድበት ይችላል። እንደ ተወለደ ወዲያው ይጥባ። እንገሩን። አይታለብ፣ አይፍሰስ። ቅቤም ውሃም አይቅደመው። አዋላጇም የልጁን ስኳር ትለካለት።

ይህን በተቃራኒው እንዳትነግራቸው። አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሁለተኛ ግን በልጅ ላይ አይሞከርም። ቀጥ ብለህ ተናገር።

ፀደንያ



ሞላሌ፤ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስትነት ለበቃሽው ለፀደንያ!

እልልታው ኮፐንሀገን ካልተሰማ ጆሮሽን ታከሚ። ጌታነሽ አጭሩን ወሬ በስልክ እንደ ነገረችሽ አውቃለሁ፤ አላስችል ብሏት ነው። እኔ ረዥሙን ልንገርሽ።

ልጁ ከተባለለት ቀን ቀድሞ መጣ። ደብረ ብርሃን ልንወስዳት መኪና ተነጋግረን ሳለ ምጡ ስለ ጠናባት ራቤል ጤና ጣቢያ ገባች። አዋላጇ ሰሚያ ትባላለች፤ ከቆላው የመጣች፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ። እኔን በር ላይ ስታየኝ፣ «አንተ ምኑ ነህ?» አለችኝ። «ጎረቤቱ» አልኳት።

ከቀትር በኋላ ልጁ ጮኸ። ወንድ! እማማ ጥሩሸዋ እልልታቸውን ሳይጨርሱ ከመቀነታቸው ቅቤ ፈቱ። «አፉን ላሟሸው። አንቺ ደግሞ ያንን ቢጫ እንገር እለቢና አፍስሺው፣ ለልጅ አይሆንም» አሏት። ሰሚያ እትብቱ ላይ ጎንበስ ብላ አልሰማችም። እኔ ከበሩ ገባሁ። ወንድ እዚያ መግባቱ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ገባሁ።

«ቅቤው ይቆይ። አሁኑኑ ይጥባ። እንገሩን ይጥባ» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አንድም ቅመም።

እማማ ጥሩሸዋ፣ «ይኼ ደግሞ የምኑ ተቃራኒ ነው?» አሉ።

አልጣሽ፣ «ስጡኝ ልጄን» አለች። ተቀበለችና ጡቷን ሰጠችው። ሰሚያ ዞር ብላ፣ «ልጁ ልክ ነው፣ እኔም ይህንኑ ልላችሁ ነበር» አለችና ተረከዙን ወግታ ለካችው። ወርዶ ነበር፣ ፀደንያ። ፊቷ ሲጠነክር አየሁ። እሱ ግን ይጠባል፤ ሙክት የቀረበለት እኔን ነው የሚመስለው። ቆይታ ደግማ ለካችው፤ ከፍ ብሏል። ሦስተኛ ስትለካው ሳቀችና፣ «አሁን እልል በሉ፤ ቅቤውን ግን ለእናቱ ገንፎ» አለች። ለጥንቃቄ ብላ ሆስፒታል ላከቻቸው፤ እዚያም ደኅና ነው ተባለ። እናቱም ደኅና ናት፣ መርፌዋን አትረሳም።

ከትናንት በስቲያ ክርስትና ተነሣ። ሙክት ታረደ። አያ አፈወርቅ ሞራውን ሳያነሡት፣ «ተርቦ የሚመጣ እንግዳ አለ አላልኩም?» ብለው ሁሉንም በየተራ ገላመጡ። እኔም በዚህ ጊዜ ቆሽቱን አውጥቼ አሳየሁ። እውነተኛውን። እማማ ጥሩሸዋ ጠጋ ብለው አይተው፣ «ይኼ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ያስደከመን?» አሉ።

ገበታው ሲነሣ አልጣሽን፣ «ያን ቀን ግን ለምን አመንሽኝ?» አልኳት።

«የትኛውን ቀን?»

«የወለድሽ ቀን ነዋ።»

«እኔ ያመንኩህ በየካቲት ነው» አለች። «አንተ ስትዋሽ ሰው ዓይን ዓይኑን ነው የምታየው። ያን ቀን መርፌውን ጨርሰሽ ተዪው ስትለኝ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ከንፈርህም ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእኔ ፈርተህ እንደሆነ ገባኝ። ያን ጊዜ የፀደንያ ወረቀት እውነት መሆኑን አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን ያንተን ተቃራኒ ማድረግ ነው አልሽ?»

«ደስ እንዲልህ» አለች። «ደግሞ እማማም እንዲሰሙ። እሳቸው አንተን ለማናደድ ካልሆነ ሐኪም ዘንድ አይልኩኝም ነበር።»

ይታይሽ! ሞላሌን ከራቤል ሳጃጅል የኖርኩ ሰው፣ ገብስ የምታበጥር ነፍሰ ጡር አጃጅላኝ ከሦስት ወር በላይ በተንኮሌ ስኮራ ከረምኩ። ከማን እንደ ወረስኩት አሁን ነው የገባኝ።

ስሙን እሷ አወጣች። እማማ ጥሩሸዋ ሌላ ስም ይዘው ነበር፤ ዮሴፍ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እናቱ ያለችው ይሁን» አለ። ታመነ ተባለ። «ለአጎቱ ማስታወሻ» ብላ ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። የምመልሰው ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ታመነ ግን ወዲያው መለሰልኝ፤ አዲሱ ሱሪዬ ላይ።

እንግዲህ ወደ ማሊያው። አልተውኩትም! ቀይ ይሁን። ግን ትንሽ ይሁን፣ የሕፃን፤ ጀርባው ላይ ታመነ ተብሎ ይጻፍበት። ስሙ አጭር ነው፣ ጀርባው ይበቃዋል።

አምላከ ታመነ ይጠብቅሽ።

አጎቱ ባስልዮስ